መብራቱ የጠፋው ቆፋሪ

ታዎዩዋን፣ ታይዋን
ኦገስት 11 ቀን 2013

ለተከበሩ አጎቴ ቶሚኖ ባያዌት
ኢቶጎን፣ ቤንጌት

ከባሕር ማዶ ሆኜ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ። የእርስዎ ጤና፣ የአክስቴ ሳቢና ጉልበት፣ የጓሮው ስኳር ድንች፣ የአሳማዎቹም ነገር እንደምን ከረመ? እኔ ደህና ነኝ። ፋብሪካው እንደ ወትሮው ቀኑን ሙሉ ያቆመኛል፤ እግሬ ግን ለምዷል።

ስልክ ብደውል የእርስዎ ጆሮ አይሰማልኝም፤ አክስቴም «ደህና ነን» ብለው ይዘጉብኛል። ባለፈው ግን አንድ ነገር አመለጣቸው። እርስዎ የድሮውን መዶሻ አውርደው መሮውን እየሳሉ ነው አሉኝ። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ወርቅ መቆፈሪያው ዋሻ ሊመለሱ አስበዋል ማለት ነው። የባጊዮው ሐኪም ሳንባዎ የድንጋይ ዱቄት ሞልቶታል ያለው እኮ እርስዎ ፊት ነበር፤ አጠገብዎ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

በስድሳ ስምንት ዓመትዎ ማን ይከለክልዎታል? ልከለክልዎት ሳይሆን ላባብልዎት ነው የጻፍኩት። ቁፋሮ ካማረዎት ጠረጴዛ ላይ ይቆፍሩ።

ለእረፍት ከምትመጣ የባጊዮ ልጅ ጋር በላክሁት ካርቶን ውስጥ አውራ ጣት የሚያካክሉ አሥር ዩኤስቢዎች አሉ። ቆፋሪዎቹ እነሱ ናቸው። ብዙ ቀዳዳ ያለው ሀብ አለ፤ እነሱ እዚያ ላይ ይሰካሉ። ሳጥን እንኳ የሌላት፣ መዳፍ የምታህል ራቁቷን ያለች ሰሌዳ ደግሞ ኮምፒውተር ናት፤ መጠኗን አይተው አይናቋት። ሀቡን ከራሱ አዳፕተር ጋር ሶኬት ላይ ይሰኩት፤ አሥር ሰው የምትቀልብበት አቅም እሷ የላትም። ሚሞሪዋ ላይ ሁሉን ጭኜበታለሁ። የእርስዎ ሥራ የኢንተርኔቱን ገመድ ከጎረቤትዎ ከማናንግ ዴልያ የኮምፒውተር ሱቅ በግድግዳው ማሻገር ብቻ ነው።

የሚቆፈረው ቁጥር ነው። ዓለም ሁሉ አንድ የተሸሸገ ቁጥር ለመገመት ይሽቀዳደማል፤ ቀድሞ ለደረሰበት ቢትኮይን የሚባል ገንዘብ ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ቆፋሪ በሴኮንድ ከሦስት መቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይገምታል። ቢሆንም ብቻውን የሚቆፍር ዕድሜውን ሙሉ ላያገኝ ስለሚችል ማኅበር አስገብቼዎታለሁ። ማኅበሩ ለመዝገብ ስም ይጠይቃል፤ «ላምበርቶ» ብዬ ጻፍኩ። የአባቴ ስም ቅር ካሰኘዎት እቀይረዋለሁ። ምርቱ በእኔ በኩል ይመጣል፤ በየወሩ እልካለሁ።

ጣሪያዎ ይጽና።
ፌደሊን

*

ኢቶጎን
ሴፕቴምበር 2 ቀን 2013

ልጄ ፌደሊን፣ ያለሽበት ጣሪያ ይጽና፣ መብራትሽ አይጥፋ።

ካርቶኑ ደረሰ። ሳቢና ሳሙናውንና ቸኮሌቱን ወስዳ የቀረውን ተወችልኝ። አንዱን ቆፋሪ ሲጋራ መለኮሻ መስሏት ስትጭረው ነው የደረስኩባት።

ገመዱን አሻገርኩ፤ ግድግዳውን ለመብሳት የሳልኩት መሮ ጠቀመኝ፤ ለሳቢና ንገሪያት። ከዚያ እንደ ደንባችን ትንሽ ጂን ጠብ አደረግሁ። ከእኛ በፊት የነበሩት ሳይቀምሱ እዚህ ምን ተቆፍሮ ያውቃል? በዛብኝና ወደ ሀቡ ፈሰሰ። ሳቢና ጮኸች። ጆሮዬ ባይሰማም አፏን አይቼ ሰማሁ፤ «አንተ ሽማግሌ፣ ቅድመ አያቶችህን ደግሞ በኤሌክትሪክ ልትጨርሳቸው ነው?»

በጨርቅ ጠርጌ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አውዬ ሰካሁት። አሥሩም አረንጓዴ መብራት አበሩ። ሲያምሩ! ጠዋት ዋሻ በር ላይ ፋኖስ ይዘው የተሰለፉ ሰዎች መሰሉኝ። ሳቢናን ጠራኋት። እሷ እስክትመጣ አንዱ ጠፋ። ወዲያው ሁለተኛው። ሦስተኛው።

ፋኖስ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ለእኔ አይነገርም፤ አየር አልቋል ማለት ነው። ይወጣል እንጂ አይጠየቅም። የጠፋውን እየተከተልኩ ነቀልኩ። ያቃጥላሉ ለካ! ሁለት ጣቴ ተላጠ። ግን አሥሩንም አወጣሁ፤ አንድም አልቀረብኝም። ሳቢና እየሳቀች ጣቴን ጨው ውሃ ውስጥ ነከረችው።

እንግዲህ አሥር በድን ልከሽልኛል። ለጥያቄዬ ግን መልሽልኝ። ቁጥሩን ማን ደበቀው? የተራራው ባለቤትስ ማነው? ሁሉ ከቆፈረ አያልቅም? ሳቢና «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እያለች ታሾፍብኛለች፤ አፏን የማስይዝበት አጣሁ።

ስለ መዶሻው የጻፍሽውን አንብቤያለሁ።

አጎትሽ ቶሚኖ

*

ታዎዩዋን
ሴፕቴምበር 19 ቀን 2013

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጅዎ ይድረስ። የጣትዎ ነገር እንደምን ሆነ?

አጎቴ፣ ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ አንብቤ ሩዙ አነቀኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዋናውን ነገር ሳልጽፍልዎት ቀረሁ። እነዚህ ቆፋሪዎች የሚያበሩት ሥራ ሲፈቱ ነው! ቁፋሮ ሲጀምሩ መብራታቸው ይጠፋል። አንዳንዴ ብልጭ ካሉ አንድ ነገር አግኝተው ለማኅበሩ እያስረከቡ ነው። እርስዎ አሥር ትጉ ሠራተኛ ከሥራ ጎትተው አወጡ።

ቁጥሩን የደበቀ ሰው የለም። አንዱ ሲገኝ የሚቀጥለው እንቆቅልሽ ከተገኘው ይወለዳል፤ ባለቤት የሌለው ተራራ ይበሉት። አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም፤ እኔና እርስዎ ግን አናየውም። ቆፋሪ በበዛ ቁጥርም ድንጋዩ ራሱ ይጠነክራል። እኔንም የገረመኝ ይኼ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጣት እስኪላጥ መቸኮል ለምን አስፈለገ? አንድ ዩኤስቢ ቢሞት ምን ነበር?

ስለ ሳልዎ አልጻፉልኝም።

ፌደሊን

*

ኢቶጎን
ኦክቶበር 13 ቀን 2013

ልጄ ፌደሊን፣ ጣሪያሽ ይጽና፣ መብራትሽ አይጥፋ። (የአንቺ ነው ያልኩት፤ የነሱማ ይጥፋ።)

እየቆፈርን ነው! ዓለም ተገለበጠችብኝ፤ ሲጨልም ደስ ይለኛል፣ ሲበራ እደነግጣለሁ። መጀመሪያ አሥሩንም ስሰካ ሁሉም ባንዴ በራ፤ ማለትም ሥራ አቆመ። ገመድ እንደምንፈትነው አንድ አንድ እየጨመርኩ ሞከርኩ። ሰባት ይሸከማል። ስምንተኛው ሲገባ ሰባቱንም ይዞ ይወድቃል። ጥፋቱ የቆፋሪዎቹ አይደለም፤ የአዳፕተሩ ነው፤ ደካማ ነው። ለሰባት የተፈተለ ገመድ ላይ ስምንት ሰው አይንጠለጠልም።

ሙቀቱን ደግሞ በሳርዲን ቆርቆሮ ድል ነሳሁት። ቆርጬ፣ እንደ ክንፍ አጥፌ ጀርባቸው ላይ አሰርኩላቸው። የሳቢናን ቬንትሌተርም ወሰድኩ። አሁን እሷ በካርቶን እያራገበች ትሰድበኛለች።

ማናንግ ዴልያ የማኅበሩን ነገር ስታስረዳኝ ሳቅሁ። ይኼን ያህል የተማረ ሰው እኛ ሳጋኦክ የምንለውን መካፈል አሁን ነው የደረሰበት? እዚህ እኮ አንዱ ወፍራም የወርቅ ሥር ሲያገኝ የሰማ ሁሉ ጆንያ ይዞ ይገባል፣ ድርሻውን ይወስዳል። የከለከለ ሰው ሥሩ ይሰወርበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። የእናንተ ግን ለደከመ በድካሙ ልክ ነው፤ የእኛ ለመጣ ሁሉ ነው። ማኅበራችሁ ትንሽ ሆዳም ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያው ምርት እንደመጣ ወሬው ተሰማ። ጎረቤት እየቀለደ ጆንያ ይዞ መጣ። «ቶሚኖ፣ ጠረጴዛህ ላይ ሥር አገኘህ አሉ፤ የት ነው የምንጭረው?» ቢሉኝ አሳማ አረድኩና አካፈልኩ። ሳቢና ለአሳማው አዘነች፤ ግን በላች።

ማናንግ ዴልያ የማኅበሩን ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። ማሽኑ ስለሚሠራ የወንድሜ ስም ጎን «በሕይወት አለ» ይላል። ሁለቴ አስነበብኳት።

ዝናቡ እያባራ ነው። የዋሻው ውሃ ጎድሏል ይላሉ።

ቶሚኖ

*

ታዎዩዋን
ኖቬምበር 3 ቀን 2013

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታና ናፍቆቴ ይድረስዎ፤ አክስቴንም ስለ አሳማው ያጽናኑልኝ።

የሳርዲኑን ክንፍ ለሥራ ባልደረባዬ ለዊ-ሊንግ ስነግራት አላመነችም። ፎቶ ትፈልጋለች። ጠንካራ አዳፕተር ልኬያለሁ፤ አሥሩንም ይሸከማል። ምርቱም እየጨመረ ስለሆነ ከእንግዲህ መጠኑን ከፍ አድርጌ በየወሩ በ15ኛው ቀን እልካለሁ። ስለዚህ ዋሻው አያስፈልግዎትም።

አጎቴ፣ ስለ ጣትዎ የጠየቅሁትን ዘለሉት። ሳስበው ቆየሁ። አባቴ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «አየሩ ነው» ከማለት በቀር አልነገረችኝም። ከላይ ሆነው ገመዱን የያዙት እርስዎ እንደነበሩ ግን አውቃለሁ። የአባቴ ፋኖስ ጠፍቶ ነበር?

ካልፈለጉ አይመልሱልኝ። ግን ወደዚያ ጉድጓድ አይውረዱ። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል።

ፌደሊን

*

ታዎዩዋን
ዲሴምበር 22 ቀን 2013

አጎቴ፣

እንደምን አሉ እንኳ ማለት ከበደኝ። ደብዳቤዎ ቀረ። አክስቴ ስደውል «ወጣ ብሏል» ይላሉ። የት ነው የሚወጡት?

በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቴ በፊት የማኅበሩን ገጽ አያለሁ። ካለፈው ወር መጨረሻ ጀምሮ ከላምበርቶ ስም ጎን «ሞቷል» ይላል። ማሽን እንደሆነ አውቃለሁ። አውቃለሁ፤ ግን ትናንት ልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

የዚህን ወር ምርት በ15 ልኬያለሁ፤ ደረሰዎት? ስለ አባቴ የጠየቅሁት አስቀይሞዎት ከሆነ ይቅርታ። ሁለት መስመር ብቻ ይጻፉልኝ።

ፌደሊን

*

ኢቶጎን
ጃንዋሪ 12 ቀን 2014

ልጄ፣ ጣሪያሽ ይጽና።

በሕይወት አለሁ። ስላስለቀስኩሽ ይቅር በይኝ። ይኼን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ሳቢና ወረቀት ጨረስክ ብላ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ እንድጽፍ ሰጥታኛለች። ስለዚህ ገልብጠሽ ስታዪ ያለፈውን ዓመት ማርች ታገኛለሽ።

ከቀላሉ ልጀምር። ማሽኑን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ኖቬምበር 28 ቀን፣ አስቤበት። ከድሮ ጀምሮ ያለቀለትን ዋሻ ለቆላ ሰው የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ የወርቅ ብናኝ በጠመንጃ ግድግዳው ላይ ይተኩሳሉ። ገዢው ሲጭር ያብለጨልጭለታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አዋቂ ሰው እንዴት እንደሚለየው ልንገርሽ፤ ያ ወርቅ እኩል እኩል ነው የሚገኘው። እውነተኛ ሥር አንድ ቀን ይሰጣል፣ ወር ይነፍጋል። የአንቺ ወርቅ ግን በየወሩ በ15፣ ደሞዝሽ በገባ ሳምንት፣ ያለ ሽርፍራፊ! ፌደሊን፣ የወርቅ ሥር ደሞዝ ይከፍላል እንዴ?

እናም ነቅዬ ጠበቅሁ። በ15 ገንዘቡ መጣ። አንቺም በራስሽ እጅ «ሞቷል» ብለሽ ጽፈሽ፣ እዚያው ወረቀት ላይ «ምርቱን ልኬያለሁ» አልሽ። ቆፋሪዎቹ ሞተው ማን ቆፈረው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ግድግዳዬ ላይ ወርቅ ተኩሰሻል፣ አንቺ ልጅ። ቀኑን ሙሉ የምትቆሚበትን ገንዘብ አሳማ አርጄ ለሠፈሩ አበላሁት። አፈርኩ፤ ደግሞ ሳቅሁ፤ ደግሞ አፈርኩ።

አሁን ወደ ከባዱ።

አዎ፣ ጠፍቶ ነበር። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ከላይ ያለው ሰው ከታች ያለውን ፋኖስ ያያል፣ ከጠፋ ገመዱን ይስባል፤ አይጣራም፣ አይጠብቅም። በሞተበት ቀን ዋዜማ ጠፍቶ ጎትቼው ነበር። ለካ አባትሽ የፋኖሱን ማንደጃ፣ ካርባይዱን፣ እየቀየረ ኖሯል። እየተወዛወዘ ወጥቶ ሰው ሁሉ ፊት «ወንድሜ እንደ አሮጊት ይደነግጣል» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ።

በማግስቱ ፋኖሱ ሲጠፋ ካርባይድ እየቀየረ ነው አልኩ። እንደገና ሊስቁብኝ ነው አልኩ። ሲጋራ ለኮስኩ። አንድ ሲጋራ ጨረስኩ፣ ልጄ። ገመዱን ስስብ ከባድ ነበር። እናትሽ ታውቅ ነበር፤ ነግሬያታለሁ። አንቺ ግን ስታድጊ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ፤ ስትጠይቂኝ ደግሞ ሸሸሁ። እና ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አሥር መብራት ተራ በተራ ሲጠፋ፣ የወንድሜ ስም የተጻፈባቸው፣ ለመጠየቅ የሚሆን ትዕግሥት አልነበረኝም።

ዲሴምበር ላይ ዋሻው አፍ ድረስ ሄድኩ። አልዋሽሽም። ሳቢና «ወጣ ብሏል» ያለችሽ እሱን ነው። ተራዬ ነበር፤ ገመድ ታጠቅሁ፣ መብራቴን አበራሁ። ከዚያ ከላይ የሚይዝልኝን ሰው ፈለግሁ። የቆሙትን አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። ደህና ሰዎች ናቸው፤ ግን አንዳቸውንም ማመን አቃተኝ። ያኔ ገባኝ። ላምበርቶ እኔን አምኖ ነበር። ገመዱን ፈትቼ ተቀመጥኩ፤ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ።

እንደ ልብሽ አድርጊኝ። ካልጻፍሽልኝም ይገባኛል። ግን እውነተኛውን ምርት ንገሪኝ፤ ስንት ነበር? ቆፋሪ ነኝና ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቶሚኖ

*

ታዎዩዋን
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2014

አጎቴ፣

ሰላም ለቤትዎ።

እውነተኛው ምርት የኪሎ ስኳር ድንች ዋጋ አይሞላም። ለመብራት የከፈሉት ይበልጠዋል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነበረ፤ ከዚያ ታላላቅ ማሽን ያላቸው መጡና ድንጋዩ ጠነከረብን። ማሽኖቹን ስልክልዎትም እንደማያዋጣ አውቅ ነበር። ጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጡልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ዋሽቼዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስለ አባቴ። አጎቴ፣ ተቆጥቻለሁ። ለሦስት ቀን ደብዳቤዎን ማየት አልቻልኩም። በአራተኛው ቀን ዊ-ሊንግን አጠገቤ ቆመሽ አንድ ሲጋራ አጭሺልኝ አልኳት፤ ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። ስድስት ደቂቃ ነው። ስድስት ደቂቃ ይህን ያህል ረጅም እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎንም እዚያ ቆመው አየሁዎት።

ቁጣዬ ቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም። ስለዚህ ይኑሩልኝ። የምቆጣው ሰው በሕይወት ያስፈልገኛል፤ ከአባቴ ወገን ሌላ የቀረኝ የለም።

ገንዘቡን ከእንግዲህ በእውነተኛ ስሙ እልካለሁ፤ ከፌደሊን ለአጎቷ፣ ለሳል መድኃኒት። ለጎረቤት አሳማ አይታረድበት። ማሽኖቹን ይንቀሏቸው፤ አንዱን ብቻ ይተዉት። አንድ ብዙ መብራት አይበላም። ጠዋት ሲነሱ ይሰኩት። እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት ገጹን አያለሁ። «በሕይወት አለ» ካለ፣ እርስዎም ተነስተዋል፣ ጠረጴዛዎ ጋ ነዎት ማለት ነው። ሌላ ምርት አልፈልግም።

ፌደሊን

*

ኢቶጎን
ማርች 2 ቀን 2014

ልጄ ፌደሊን፣

«መብራትሽ አይጥፋ» ልልሽ ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት፤ ሌላ ምርቃት እስካገኝ ጣሪያሽ ይጽና ብቻ ልበል።

ተቆጪኝ። የሚገባኝ ነው፤ ደግሞ ሳትቆጪ ከምትተዪኝ ይሻላል። መድኃኒቱ ይመራል። መሮውን ሳቢና ለስኳር ድንቹ መኮትኮቻ ወስዳዋለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ነገር ቆፈረ ትላለች። ቬንትሌተሯም ተመልሶላታል።

ዘጠኙን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አሥረኛውን፣ የሳርዲን ክንፍ ያለውን፣ ዛሬ ጠዋት ሰካሁት። አረንጓዴ በራ። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ጠፋ። እጄ ሊነቅለው ተነሳ፤ ያዝኩት። ሲጋራ አልለኮስኩም። እያየሁት ቆየሁ፤ ከዚያች ጨለማ ውስጥ አንዴ ብልጭ አለ።

እንግዲህ ገጽሽን ክፈቺ። መብራቱ ጠፍቷል፤ እኛ አለን።

አጎትሽ ቶሚኖ